በሽተኛው ጋ ወራጅ አለ

የአሰላ ባጃጅ ነጂዎች ለቦታ ስም ለማውጣት ስብሰባ አይጠሩም። አንድ ጊዜ የተገለበጠ የጭነት መኪና፣ የተዘጋ ሱቅ፣ የተቆረጠ ዛፍ ይበቃቸዋል። ዛፉ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ «ዛፉ ጋ» እንወርዳለን። እኔም በሕይወቴ አንድ ቦታ ሰይሜያለሁ፤ ያውም ሳላስበው። ከከተማው በታች፣ ጅረቱ ተንጣሎ ረግረግ የሚሆንበት ቦታ ስሙ አሁን «በሽተኛው ጋ» ነው። «በሽተኛው ጋ ወራጅ አለ» ሲባል የሰማ እንግዳ ሆስፒታል የደረሰ ይመስለዋል። በሽተኛው ረግረጉ ነው። በሽተኛ ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የምሠራው የከተማውን ጅረትና ዛፍ፣ ቆሻሻና ጭስ በሚመለከት መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ብጠራውም ይህን የሚያነብ ሰው ዘንድ እስኪደርስ ሌላ ይሆናል። አራት ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተር አለን። ኃላፊያችን ከሮቤ ተዛውረው የመጡ፣ ቅን፣ ታታሪ ሰው ናቸው፤ አንድ ድካም ቢኖርባቸው ስብሰባ መውደዳቸው ነው። ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ እንኳ አጀንዳ ያስይዛሉ።

ነገሩ የጀመረው ከባሕር ነው። ኃላፊያችን ስልጠና ሄደው ሲመለሱ በፍላሽ አንድ ሰነድ ይዘው መጡ። ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን አፍ የአካባቢ አስተዳደሮች እንዴት እንደሚጠብቁት፣ ከተጎዳም እንዴት እንደሚያድኑት የሚያስረዳ ሰነድ ነው። የየት አገር እንደሆነ አላውቅም፤ ባሕር ያለው አገር ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ውሃ ያጠራል፣ ደለል ያስቀራል፣ ወፍና ዓሣ ያስጠልላል ይላል። እውነቱን ለመናገር ግሩም ሰነድ ነበር።

«እኛስ ምን ጎደለን?» አሉ ኃላፊያችን።

የጎደለን ባሕር ነበር። ነገር ግን ጅረታችን ከጭላሎ ተራራ ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክሞ፣ ከታች ረግረጉ ላይ ትንሽ ካረፈ በኋላ ወደ ትልቁ ወንዝ ይገባል። ወንዙ ደግሞ ወደ ዝዋይ ይወርዳል። ሐይቁ ዳር ያሉት ሰዎች «አፈራችሁንና ፌስታላችሁን እየላካችሁብን ነው» ብለው አቤት ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለዚህ ሐይቁን ባሕር፣ እኛን የባሕር ዳርቻ ነዋሪ አድርገን ዕቅድ እንድናወጣ ተወሰነ። ከደጋ ላይ ሆነን፣ ጃኬታችንን እስከ አንገታችን ቆልፈን፣ የባሕር ዳርቻ ሆንን።

ባሕሩን ከሰነዱ የማውጣት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጨዋማውን ውሃ አወጣሁ፣ ሸርጣኑን አወጣሁ፣ መርከቡንና ወደቡን አወጣሁ። አንድ ቦታ ግን አምልጦኛል። የጸደቀው ዕቅዳችን እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ገጹ ላይ «በማዕበል ሰዓት ጀልባ ይዞ ወደ ረግረጉ መግባት የተከለከለ ነው» ይላል። ስንት ሰው ፈርሞበታል፣ የጠየቀ ግን የለም። ክልከላውን የጣሰ ሰውም እስካሁን አልተገኘም።

በዚህ እስከ ዛሬ እንስቃለን። የማልስቅበት ሌላ ስህተት አለ።

በሰነዱ መጨረሻ ላይ ረግረጉን የሚጠቀሙ ሰዎች የሚዘረዘሩበት ሰንጠረዥ ነበር። ወርጄ ማየት ነበረብኝ። ዝናብ ነበር፣ ጫማዬ አዲስ ነበር፣ አልወረድኩም። ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ነው፣ ምን አዲስ ነገር ላይ ነው አልኩና ከወንበሬ ሳልነሳ ሞላሁት። «ባጃጅ የሚያጥቡ፣ አሸዋ የሚያወጡ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ ቄጠማ የሚያጭዱ» ብዬ ጻፍኩ። ባጃጅ የሚያጥቡት ብዙ ናቸው፤ አሸዋ የሚያወጡትም፣ ከብት የሚያጠጡትም እንደዚያው። ቄጠማ የሚያጭዱት ግን አንድ ሴትዮ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። በእኛ አገር እናት የሆነችውን ሁሉ በኦሮምኛው «አዮ» እንላለን፤ እኔም አዮ ነው የምላቸው። ከተማው ውስጥ በበዓል ቀን ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ አብዛኛው በእሳቸው ማጭድ ያለፈ ነው። በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ። እንዲህ ያሉትን ሴት «የምታጭድ» ብዬ ልጽፍ እጄ እምቢ አለኝ። አንቱ ብዬ ጻፍኩ።

አማርኛችን አንድን ሰው ሲያከብር ያበዛዋል። ኦሮምኛውም ያው ነው። ስለዚህ ሰነዱ በሁለቱም ቋንቋ ሲዘጋጅ ስህተቱም በሁለቱም ቋንቋ በትክክል ተተረጎመ። ከእኔ ጠረጴዛ ኃላፊያችን ጋ ሲደርስ «ቄጠማ አጫጆች» ሆነ። ከእሳቸው ዕቅዱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ጋ ሲደርስ «ሕገወጥ ቄጠማ አጫጆች» ሆነ። ሲጸድቅ «በቡድን የሚንቀሳቀሱ ሕገወጥ ቄጠማ አጫጆች» ይል ነበር። እኔ ሁሉንም አንብቤ ፈርሜያለሁ። ቡድኑን ሳነብ «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ» ብዬ ተናድጄም ነበር። አዮ መሆናቸው በጭራሽ ትዝ አላለኝም።

ከዚያ ታፔላው መጣ። ኃላፊያችን «መግባት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ አሰላ ውስጥ እንደማይሠራ ያውቃሉ፤ ሰዉ ብስክሌቱን ያስደግፍበታል። «ለስለስ ያለ፣ ልብ የሚነካ ነገር ጻፊ» አሉኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበትና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህ ረግረግ በማገገም ላይ ነው። እባክዎ እረፍት ይስጡት።» ኮሚቴው አጨበጨበ። ከላይ በኦሮምኛ፣ ከታች በአማርኛ፣ በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ ተተከለ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች ታፔላው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። አንዱ ለሌላው እያነበቡላቸው ነበር። አንብበው ሲጨርሱ የሚሰሙት ሽማግሌ ረግረጉን ከዳር እስከ ዳር አዩትና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ረቢ ሃ ፈይሱ» አሉ። እግዜር ይማረው ማለታቸው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመው?» ብለው ጠየቁኝ ሌላኛው። ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት እንኳ አልነበረም። የአርሲ ሰው ሲቀልድ ፊቱን የሚቋጥር መሆኑን ስለማውቅ፣ እኔም ኮስተር ብዬ «ቆይቷል አባባ» አልኳቸው።

እስከ ምሳ ሰዓት ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ባጃጆቹ «በሽተኛው ጋ» ማለት ጀመሩ። ሰዉ ወደ ገበያ ሲወርድ «በሽተኛው እንዴት አደረ?» እየተባባለ ያልፋል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው የታመመ ለመጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም ብሎ ነው መሰለኝ፣ በፌስታል ብርቱካን ታፔላው ላይ አንጠለጠለ። ፌስታል እንዳይጣል ብለን በከለከልንበት ቦታ ማለት ነው። ኃላፊያችን አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። «በመንግሥት ታፔላ ላይ ብርቱካን?» እያሉ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መቱ። ጉዳዩ በቃለ ጉባኤ ከተያዘ በኋላ ብርቱካኑ ተበላ።

አፍሬም ተናድጄም ነበር። ሁለት ቀን ያሰብኩበት ጽሑፍ መሳቂያ ሲሆን ማን ደስ ይለዋል? ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ አንድ ነገር አየሁ። ባጃጅ የሚያጥቡት ልጆች እንደ ልማዳቸው የሳሙናውን ውሃ ሊደፉ ሲሉ፣ ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ ከመደቧ ተነስታ «በታመመ ላይ ሳሙና ትደፋለህ? ወግ የለህም?» አለች። ልጁ ሳቀ፤ ግን ባልዲውን አነሳ። ከብት የሚያጠጡትም እየተሰደቡ ወደ ላይ ወጡ። እኛ በደብዳቤና በዘበኛ ያቃተንን ነገር ቀልዱ አደረገው። ኃላፊያችን ይህን በሪፖርታቸው ላይ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ አድጓል» ብለው ጻፉት። ብርቱካኑን አልጠቀሱም።

ሐምሌ ላይ የሽቦ አጥር ታጠረ፣ በር ወጣለት፣ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። ለተጠቃሚዎች ሁሉ የክልከላ ደብዳቤ እንድናድል ታዘዝን። የባጃጅ አጣቢዎቹ ተወካይ ፈርሞ ወሰደ። አሸዋ የሚያወጡትም እያጉረመረሙ ወሰዱ። አንድ ደብዳቤ ቀረ፦ «በቡድን ለሚንቀሳቀሱ ሕገወጥ ቄጠማ አጫጆች በሙሉ»።

«የአጫጆቹ ሰብሳቢ ማነው?» አሉኝ ኃላፊያችን። «ለሱ ስጪው።»

ደብዳቤውን ይዤ ቢሮው መሐል ቆሜ ቀረሁ። ሰብሳቢያቸውን ሳስብ ማጭድ ይዘው ከውሃ የሚወጡ አንዲት አሮጊት ብቻ ታዩኝ። በዚያን ቀን ቦት ጫማ ተውሼ ወረድኩ።

የአዮ ቤት ረግረጉ ዳር ነው፤ ከደጃፋቸው ሆኖ ታፔላው ይታያል። ደጁ ላይ ማጭዳቸውን እየሳሉ አገኘኋቸው። ዘመን መለወጫና መስቀል እየደረሱ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ጊዜ ነው።

«ደብዳቤ ይዤ ነው የመጣሁት አዮ» አልኳቸው።

«የማን?»

«የመንግሥት።»

«በይ አንብቢው ኢንታላ ኮ፣ መነጽሬ ሲሬ ከተማ ልጄ ጋ ቀርቷል።»

መነጽር ኖሯቸው አያውቅም። ልጄ ብለው የጠሩኝን ሴት ሕገወጥ ብዬ ልጠራቸው ነው። ጮክ ብዬ፣ ቶሎ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ቶሎ ካነበብኩት የሚቀልል መስሎኝ ነበር። አዮ እስከ መጨረሻው አንገታቸውን አቀርቅረው ሰሙኝ።

«ስንት ናቸው?» አሉ።

«እነማን?»

«አጫጆቹ። እኔ እዚያ ውስጥ ስውል አንድም ሰው አግኝቼ አላውቅም። በየት በኩል ነው የሚገቡት?»

መዋሸት እችል ነበር። «ከላይኛው በኩል» ብል ያምኑኝ ነበር።

«እርስዎ ነዎት አዮ» አልኳቸው።

ማጭዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «በሙሉ?» አሉ።

«በሙሉ።»

አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም። እጃቸውን ወደ ታፔላው ዘረጉ። «ታሟል ብላችሁ ጻፋችሁ። እሺ ታሟል። እኔ ደሞ አላውቅም እንዴ መታመሙን? የታመመ ሰው ግን በር ተዘግቶበት ቁልፍ ይደረግበታል? አስታማሚው ማነው?»

ከዚያ ስለ ሥራቸው ነገሩኝ። እዚያው ከተማ አድጌ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ቄጠማ ከሥሩ አይነቀልም፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ይታጨዳል። ዳር ዳሩ መጀመሪያ፣ መሐሉ በመጨረሻ፣ በየተራ። ካልታጨደ በክረምት ይወድቃል፤ ከወደቀ ይበሰብሳል፤ ከበሰበሰ ጅረቱ የሚገባበትን አፍ ይደፍነዋል። ወፍ እንቁላል የጣለችበት ቦታ ካገኙ ደግሞ ዙሪያውን ያለውን የቄጠማ ጫፍ ገምደው ያስሩታል። እስኪፈለፈል ድረስ እዚያ ጋ ማጭድ አይደርስም።

«ለምንድነው የሚያስሩት?» አልኳቸው።

«አራስ አለቻ» አሉኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል ዓይን።

እኛ «ወፍ ያስጠልላል» ከሚለው ሰነድ ሦስት ቀን ሙሉ ባሕር ስናወጣ፣ አዮ ታች ሆነው ለወፎቹ ቄጠማ ሲቋጥሩ ነበር። የተሰማኝን ልናገር፦ አፈርኩ። እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ስነሳ ሌላ ነገር ነገሩኝ። ሲሬ ያለው ልጃቸው «ውሃ ውስጥ መቆሙን ተዪው፣ ነይ እኛ ጋ ተቀመጪ» ካለ ዓመታት አልፈዋል። እስከ ዛሬ መልሳቸው «ሥራ አለኝ» ነበር። «አሁን ምን እለዋለሁ?» አሉ። «ለዘመን መለወጫ ሊወስደኝ ይመጣል። ልጄ ጥሩ ነው፣ ሚስቱም ጥሩ ናት። ሲሬ ሁሉም ጥሩ ነው። ቁጭ ብሎ መብላት ነው። እኔ ቁጭ ካልኩ አልነሳም።»

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ።

«አጫጆቹ አንድ ሰው ናቸው» አልኳቸው።

«አንድ ሰው እንዴት ነው 'ናቸው' የሚሆነው?»

«አሮጊት ስለሆኑ አንቱ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲያዝኑ አይቻለሁ። ግን ዕቅዱ ጸድቋል፣ አጥሩ ታጥሯል፣ ሪፖርቱ ሄዷል። «በአንቱታ ምክንያት የጸደቀ ሰነድ አይከለስም» አሉኝ። «በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ላይ እናየዋለን።» አዮ የሚቀጥለውን ዓመት ሲሬ እንደሚቀበሉት ነገርኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ክረምቱ በረታ። ሥራችን ምንም አልጠቀመም ብል ውሸት ነው፤ ሳሙናው ቆሟል፣ ከብቱ ርቋል፣ ጋጋኖ የሚባሉት ወፎች ተመልሰው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻሉ። ግን ቄጠማው ወገብ ደረሰና ወደቀ። በወደቀው ላይ ሌላ በቀለና እሱም ወደቀ። ነሐሴ ሲጋመስ የጅረቱ አፍ ተደፈነ፤ ውሃው ረግረጉን ትቶ ወደ መንገዱ ወጣ። ባጃጆቹ እዚያ ጋ ሲደርሱ ሞተራቸው እየተንተፋተፈ ይጠፋል። «በሽተኛው ብሶበታል» እየተባለ ይሳቃል። አዮ ከደጃፋቸው ሆነው ያዩታል። ባለፍኩ ቁጥር ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ቄጠማው አንድም ቃል አይናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጳጉሜ እንደገባ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከዞን እንግዶች መጡ። ኃላፊያችን የአቀባበል ፍሌክስ አሠርተዋል፣ አዲስ ከረባት አድርገዋል። ከእንግዶቹ አንዷ የራሷን ቦት ጫማ ይዛ የመጣች ሴት ነበረች፤ ከመኪና ወርዳ ፍሌክሱን እንኳ ሳታይ በቀጥታ ወደ ውሃው ሄደች። የወደቀውን ቄጠማ በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችው።

«ይሄ ለምንድነው የበሰበሰው?»

«በማገገም ሂደት ላይ አንዳንድ...» ብለው ጀመሩ ኃላፊያችን።

ባጃጁ ውሃ ውስጥ ቆሞበት ሱሪውን ጠቅልሎ የሚገፋ ሰውዬ ቀና አለ። «አስታማሚዋን ስላባረሯት ነዋ» አለ።

«አስታማሚዋ ማናት?» አለች እንግዳዋ።

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ያን ቀን ዝም ካልኩ ቅዳሜ የአዮ ልጅ ሊወስዳቸው ይመጣል። ተናገርኩ። ሰንጠረዡን የሞላሁት እኔ መሆኔን፣ ከወንበሬ ሳልነሳ መሙላቴን፣ ቡድን የተባለው አንዲት እናት መሆናቸውን፣ አንቱ ማለቴ ብዙ እንዳደረጋቸው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እንግዳዋ መጀመሪያ ሳቀች። ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ።

«ወርደሽ ስታዪ ግን ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

«አልወረድኩም ነበር» አልኳት። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም።

ኃላፊያችንን እስከ ዛሬ የምወዳቸው ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። እንግዳዋ ሳትጠይቃቸው «ዛሬውኑ ይስተካከላል» አሉና ቢሮ ገብተን ሁለታችን አዮ ገብተው እንዲያጭዱ የሚፈቅድ ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመርን። «የረግረግ አስታማሚ» ብዬ ጻፍኩ። በሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ የሚባል የለም ብለው ሰረዙት። «ተንከባካቢ» ተባለ። ኮሚቴው አርብ ጠዋት ተሰብስቦ ፈረመበት። ማኅተም ከመመታቱ በፊት ኃላፊያችን ደግመው አነበቡትና ስክሪብቶ አንስተው ከአዮ ስም ቀጥሎ በቅንፍ «አንድ ሰው» ብለው ጨመሩ። «ሁለተኛ እንዳንሳሳት» አሉኝ። ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ተገቢ ነው፤ ኮፒው ፋይሌ ውስጥ አለ።

አርብ ከሰዓት ወደ አዮ ወረድኩ። ዕቃቸው በአንሶላ ተቋጥሮ በር አጠገብ ተቀምጧል፣ ሁለት ቋጠሮ። ቤቱ ተጠርጓል። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ነበር።

«ሌላ ደብዳቤ?» አሉኝ።

«ሌላ ነው አዮ።»

ይህኛውን ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እዚያ ግን እስከ አያታቸው ጽፌዋለሁ። ስሙ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እዛ ጋ ድገሚው።»

ደገምኩት። ሦስተኛም አስደገሙኝ። ከዚያ ከቀሚሳቸው ስር ስልካቸውን አወጡና ቁጥሩን ደውለው ሰጡኝ። «ለልጄ አንብቢለት። እኔ ብነግረው ከራሷ ፈጠረች ይላል።»

ልጁ ገበያ ውስጥ ነበር፤ የጋሪ ድምፅና የሰው ሁካታ ይሰማኛል። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፣ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት።

«ሌሎቹስ?» አለኝ። «አብረዋት የሚያጭዱት ሰዎችስ ተፈቀደላቸው?»

«ሌሎች የሉም» አልኩት። «እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«ከሰው ጋር የምትሠራ መስሎኝ ነበር» አለ። ድምፁ ወረደ። «ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ናት?»

«ብቻቸውን ናቸው።»

ስልኩን እንድሰጣቸው ጠየቀኝ። አዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ኤዬ» አሉ፣ እሺ እንደማለት፤ ቆይተው ደግሞ «ኤዬ» አሉ። ልጁ ብዙ ተናገረ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ዓይናቸው በሩ አጠገብ ያለው ቋጠሮ ላይ ነበር። በመጨረሻ ተራው የእሳቸው ሆነ።

«ነገ መምጣቱን ና» አሉት። «ማጭድ ይዘህ ና። ዘመን መለወጫ ደርሷል፣ እኔ ብቻዬን አልጨርሰውም።»

ደብዳቤው እጄ ላይ ነበር። «አንድ ሰው» የሚለውን ቅንፍ አየሁት፤ ሳልሰርዘው አጥፌ ሰጠኋቸውና ወጣሁ።